አሥር ፍሬ ሽምብራ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ደሴ በጉም ተሸፍና ነበር። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ተቀበለን፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ ክንዴ ላይ ጣል አደረግሁት። በዚህ መንገድ ለዓመታት ተመላልሻለሁ። ዛሬ ግን ቁልቁለቱን ሁሉ የወረድሁት አንዲት እናት የዛሬ ዓመት ገደማ የጠየቀችኝን እያሰብሁ ነው። «ሲስተር፣ ኮምቦልቻ ዘመድ አለን። ልጄን ወደ ሙቀቱ ባወርዳት ትድንልኝ ይሆን?»

ያን ጊዜ የመለስሁላትን ዛሬም እመልሰዋለሁ። ብርድ ሕመሙን ያብሰው እንደሆነ እንጂ አያመጣውም። በልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ሰውነትን እንዲጠብቅ የተፈጠረው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያን ያጠቃል። በባዶ እግር መሄድ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ውሃ መንካትም አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ራሷን የምትወቅስ እናት ስለምትበዛብኝ ነው። «ያን ቀን በዝናብ ባልላክኋት ኖሮ» ብላ የምታለቅስ እናት ፊት ተቀምጦ ዝም ማለት አይቻለኝም።

የልጅቷን ስም አልጽፍም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቤታቸው ከጦሳ ግርጌ ነው። ጉልበቷ ማበጥ ሲጀምር መጀመሪያ ወጌሻ አሻት፤ እብጠቱ ባሰ። ቀጥሎ በሄዱበት ጤና ተቋም የልብ ቁርጥማት ነው ተብሎ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ስትወጋ ከረመች። ስህተቱ እንዴት እንደሚፈጠር ይገባኛል። የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው ይህ ሕመም፣ በሕክምና ስሙ የሩማቲክ ትኩሳት፣ የብዙ ልጆቻችንን ልብ አበላሽቷል፤ መገጣጠሚያው ያበጠ ልጅ ሲመጣ የሁላችንም ሐሳብ መጀመሪያ ወደዚያ ቢሮጥ አያስወቅስም። ነገር ግን ያኛው ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘላል፣ በአስፕሪን ቶሎ ይበርዳል፣ በሳምንታት ውስጥም ይለቃል። የእርሷ ሕመም ግን እዚያው ጉልበቷ ላይ ተቀምጦ ወራት ቆጠረ። ከ16 ዓመት ዕድሜ በፊት ጀምሮ ከ6 ሳምንት በላይ የቆየ፣ ሌላ ምክንያትም ያልተገኘለት የመገጣጠሚያ ብግነት ስሙ ሌላ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ስትደርስ ጉልበቷ አይዘረጋም ነበር።

የተሳሳተውን የመከላከያ ኃይል የሚያረጋጋው ሜቶትሬክሴት ተጀመረላት። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ ቢወሰድ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ከእናትየው ጋር ሆነን መረጥን፤ ጁምዓ ሆነ። ጁምዓ በእነርሱ ቤት የሚረሳ ቀን አይደለም። የመድኃኒቱን ጎጂ ውጤት የሚቀንሰውን ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን በማግሥቱ አደረግነው። ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው «እንዴት ናት?» እላታለሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» ትለኛለች። እኔም ካርዱ ላይ «ደህና ናት» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ሄድን።

ጥምረቱን የተቀላቀልነው ከዚህ በኋላ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ሐኪማችን ነው። በተለያዩ ከተሞች የምንሠራ ጥቂት የሕፃናት ሐኪሞችና ነርሶች በወር አንድ ጊዜ ማታ በስልክ እየተገናኘን፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸውን ልጆች ሁላችንም በአንድ ዓይነት መለኪያ እየለካን፣ ውጤቱን ለእርስ በርሳችን እንድናሳይ ነው። አርአያው እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን አሜሪካ የተመሠረተው ፒአር-ኮይን የሚባለው የሕፃናት ሆስፒታሎች ጥምረት ነው። እዚያ ሆስፒታሎቹ የታካሚዎቻቸውን ውጤት በአንድ መዝገብ ያሰባስባሉ፤ የተሻለ ውጤት ያገኘው ምን እንዳደረገ ለሌላው ያሳያል፤ ወላጆችም ከሐኪሞቹ ጋር እኩል ተቀምጠው ይመክራሉ።

እውነቱን ለመጻፍ፣ መጀመሪያ አልወደድሁትም። ሥራው መብዛቱ አልነበረም ያስጨነቀኝ። የክፍላችንን ጉድለት ለማላውቀው ሰው ማሳየት ገመናን አደባባይ ማውጣት መሰለኝ። እኛ ያደግነው የቤትን ነገር በቤት እየሸፈንን ነው። በዚያ ላይ የእኛ ቁጥር ከሌሎቹ ቢያንስስ ብዬ ፈራሁ።

የመጀመሪያው ሥራ ልጁ ከመምጣቱ በፊት ባለው ቀን ካርዱን አውጥቶ ማየት ነበር። በዚያች ዕለት የፈራሁት ሁሉ ደረሰ። የዓይን ምርመራ የሚለው ስፍራ በአብዛኛው ካርድ ላይ ባዶ ነው። ይህ ብግነት በተለይ ጥቂት መገጣጠሚያ በተነካባቸው ትንንሽ ልጆች ላይ ወደ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ዓይኑ አይቀላም፣ አያምም፣ ልጁም ምንም አይልም። የሚታየው ስሊት ላምፕ በሚባለው መሣሪያ ብቻ ነው፤ ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡት በየ3 ወሩ መታየት አለባቸው፤ ካልታዩ ዓይናቸው ሊጠፋ ይችላል። ወሎ በዓይን ሕክምናው የሚያውቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደሴ ቅርብ ነው። መሣሪያና ባለሙያ አጠገባችን እያለ ልጆቹን አለመላካችን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። የዚህችን ልጅ ካርድ ስገልጥ ደግሞ ሌላ አገኘሁ፤ ኪሎዋ ጨምሯል፣ ቁመቷም እንዲሁ፤ የመድኃኒቷ መጠን ግን በተጀመረበት ቆሟል። ልጅ እንደሚያድግ ዘንግተን ነበር።

በማግሥቱ መጡ። መለኪያችን ጃዳስ ይባላል፤ አራት ነገሮችን ይደምራል። ሐኪሙ የሕመሙን ኃይል ከ0 እስከ 10 ይገምታል፤ ወላጅ የልጁን ሁኔታ እንዲሁ ከ0 እስከ 10 ይገምታል፤ ያበጡና የሚያሙ መገጣጠሚያዎች ይቆጠራሉ፤ የብግነቱን መጠን የሚጠቁመው ኢ ኤስ አር የሚባለው የደም ምርመራም ይጨመራል። እኛ የያዝነው አጭሩ ዓይነት ከፍተኛ ድምሩ 40 ነው። ሐኪማችን ለልጅቷ 2 ሰጣት። ወደ እናትየው ዞር ስል ቁጥር በወረቀት ላይ መምረጥ እንደማይሆንላት አወቅሁ፤ ፊደል አልቆጠረችም። ከሰኞ ገበያ የገዛሁት ሽምብራ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አሥር ፍሬ ቆጥሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። «ልጅሽን ሕመሙ ምንም ካልነካት አንዱንም አታንሺ፤ እጅግ ከከፋባት ሁሉንም አንሺ» አልኋት።

ሰባት አነሣች።

የማየውን ማመን አቅቶኝ ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያዎቿ ምን ያህል ጊዜ ደርቀው እንደሚቆዩ ጠየቅኋት። ሰዓት የላቸውም። «ከሱብሂ ሰላት ጀምራ፣ ፀሐይዋ የጦሳን አናት ነክታ ግቢያችን እስክትገባ» አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ልጅቷ ኩባያ አትይዝም፤ ሽንት ቤት የምትሄደው ተደግፋ ነው፤ ከትምህርት ቤት የምታረፍደውም ለዚህ ነው። ሐኪሙ ደንግጦ እጆቿን እንደገና መረመረ። ጉልበቷን ብቻ ስናይ የእጇን አንጓ ረስተነው ኖሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት። ድምፄ ወቀሳ ሳይመስል አልቀረም።

«ደህና ናት ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። ፈጣሪዬን ላማርር ነው?» ብላ አየችኝ፤ ዓይኔ እንባ ሲያቅር ደግሞ ክንዴን ይዛ «አብሽሪ፣ ሲስተር» አለችኝ። አጽናኟ እርሷ ሆነች።

እኛ አገር «እንዴት ናችሁ?» የምስጋና በር ነው፤ የሚከፈተውም በምስጋና ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ ሰጥቼ ሰላምታ ሲመለስልኝ የሕክምና መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ይህን በወሩ ስብሰባ ላይ ስናገር መንደሩ ሁሉ የሚፈርድብኝ መስሎኝ ነበር። ከአንዱ ከተማ የምትሠራ ነርስ ግን «እኛም ጋ እንዲሁ ነው» አለች፤ ሌላዋም እንዲሁ። ስለ ሽምብራው ደጋግመው ጠየቁኝ። ከዚያ ወሬው ልጁ የዕለት ተዕለት ሥራዎችን ምን ያህል እንደሚችል ወደሚጠይቀው መጠይቅ አመራ። ውጭ አገር የተዘጋጀው መጠይቅ ልጁ ገንዳ ውስጥ ገብቶ መታጠቡንና ብስክሌት መንዳቱን ይጠይቃል። የእኔ ልጆች ቤት ገንዳ የለም። መጠይቁን እንዳለ ይዘን፣ በጎን የራሳችንን ጥያቄ እንድንጨምር ተስማማን። በርጩማ ላይ ተቀምጦ መነሣት፣ ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት፣ እንጀራ መቁረስ፣ ተንበርክኮ መስገድ። የመጨረሻውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ ከታመመች ጀምሮ ወንበር ላይ ሆና እንደምትሰግድና ታናሽ ወንድሟ ከፊቷ ሲሰግድ እያየች እንደምታለቅስ እናቷ ነግራኝ ነበር።

ክፍላችን ውስጥ አሁን ፒጋልስ የሚባለውን አጭር የመገጣጠሚያ ምርመራ ለሚያነክስ ልጅ ሁሉ እንሠራለን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ በእግሩ ጣት ይራመዳል፣ ሰማይ እንደሚነካ እጁን ይዘረጋል፣ መዳፎቹን ያጋጥማል፣ ሦስት ጣቶቹን ጎን ለጎን አፉ ውስጥ ያስገባል። ልጆቹ ጨዋታ ስለሚመስላቸው ይወዱታል።

የልጅቷ መድኃኒት መጠኑ ተስተካክሎላት፣ ደሟና ጉበቷ እየታየ፣ ጉልበቷም ውስጥ ብግነቱን የሚያበርድ የስቴሮይድ መርፌ ተሰጥቷት ወራት አለፉ። ዓይኗ ቦሩ ሜዳ ታይቷል፤ ንጹሕ ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮዋም ተይዟል።

ዛሬ ጠዋት መጡ። «እንዴት ናት?» አልኋት እንደ ወጉ፤ «አልሐምዱሊላህ» አለችኝ እንደ ወጉ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አሥሩን ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። እናትየው ሦስት አነሣች። ልጅቷ እጇን ሰድዳ አንዷን ከእናቷ መዳፍ ወስዳ መለሰቻትና «ሁለት ነው፤ ትናንት መግሪብን ቆሜ ሰግጃለሁ፤ ስነሣ ግድግዳ የያዝሁት አንዴ ብቻ ነው» አለች። ሐኪማችን ሁለቱንም ቁጥር ጻፈ፤ የእናትን ለብቻ፣ የልጅን ለብቻ።

ሊወጡ ሲሉ እናትየው ሽምብራዎቹን ጠቅልላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት ልትቆጥርባቸው ነው። ነገ ሌላ እገዛለሁ።