አጼዎቹ፣ ምዓም አናብስትና አዲሱ ዓመት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ጎንደር ዛሬ ቄጤማ ጎዝጉዛለች። ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ በየበሩ ይዞራሉ። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የከተማችን እግር ኳስ ክለብ፣ የፋሲል ከነማ ማሊያ የለበሰ ትንሽ ልጅም ከኋላ ከኋላቸው «ለምለም» እያለ ይቀበላል።

አዲስ ዓመት ሲመጣ ሁሌ የማስታውሰው ጨዋታ አለ። በ2012 የተደረገው የአሸናፊዎች አሸናፊ። ይህ ዋንጫ የሊጉን ሻምፒዮንና የኢትዮጵያ ዋንጫ ባለቤትን ያገናኛል፤ የውድድር ዓመቱ በእሱ ይከፈታል። በ2011 ሊጉን ለጥቂት የቀደመን መቐለ 70 እንደርታ፣ በቅጽል ስሙ ምዓም አናብስት፣ ነበር። እኛ ደግሞ የኢትዮጵያ ዋንጫን ወሰድን። ተገናኘን፤ አጼዎቹ፣ የእኛው ፋሲሎች፣ አሸነፉ። ምን ዓይነት ደስታ ነበር!

ዓመቱ ግን እንደ አጀማመሩ አልሆነም። በኮሮና ምክንያት ሊጉ ቆመ፤ በኋላም ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በ2013 የሊጉን ዋንጫ ስናነሳ ምዓም አናብስት አልነበሩም። ትግራይ ውስጥ ጦርነት ነበር። የፋሲል ደጋፊ ሆኜም እላለሁ፣ እነሱ የሌሉበት ሊግ ጎዶሎ ነበር። እስከ መጨረሻው የተናነቀህ ተጋጣሚ ከሜዳ ሲጠፋ ይከብዳል። ደጋፊዎቹ ምን ላይ ይሆኑ ብሎ ማሰብ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በ2017 የትግራይ ክለቦች ወደ ሊጉ ሲመለሱ ከልቤ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

እኛም የጎደለን አለ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲዘዋወር፣ ፋሲለደስ ስታዲየም የሊግ ጨዋታ ናፈቀው። አጼዎቹን የምናያቸው ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለን በቴሌቪዥን ነው። ጎል ሲገባ ማኪያቶ ይደፋል፤ የማይተዋወቅ ሰው ይተቃቀፋል። ደስ ይላል፣ ግን ስታዲየምን አይተካም። ጋቢ የለበሱ አባቶች የልጅ ልጆቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ኳስ የሚያዩት እዚያ ነው።

ለዘንድሮ የምመኘውን ልንገራችሁ። የአሸናፊዎች አሸናፊ እዚህ ጎንደር ይደረግ። ተጋጣሚያችን መቐለ ይሁን። ደጋፊዎቻቸው በአውቶቡስ፣ በሊማሊሞ አድርገው ይምጡ። ማደሪያ አታስቡ፣ ቤታችን አለ። ዶሮውም ጠላውም ይደርሳል። ዘጠናውን ደቂቃ ግን አንለቃችሁም!

መቐለ ላላችሁ ወዳጆቼ፣ ርሑስ ሓዱሽ ዓመት። ለሁላችሁም መልካም አዲስ ዓመት!