የጠባቧ ሮንዴላ ነገር

ዛሬ ከወንድሜ ልጅ ጋር ከደሴ ወደ ሐይቅ ወርደን ነበር። የሪሞት ጀልባችንን ልንሞክር።

ሞተሯ ሰሞኑን ያፏጭ ነበር። ስፈታው ገባኝ። ፕሮፔለሩ ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ሻፍቱ (ፕሮፔለሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) በተራው ወደ ፊት ይገፋና ሞተሩን ይጫነዋል። የሞተሩ ኩሽኔታ (ዘንጉን ደግፎ በቀላሉ የሚያዞረው ቀለበት) ደግሞ በዋናነት የተሠራው ለጎን ጫና ነው። በቁመቱ ሲገፉት ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ግፊቱን የሚሸከም ሌላ ኩሽኔታ ገዛሁ፤ ውስጡ 4፣ ውጩ 9 ሚሊ ሜትር። ሁለት ሮንዴላ (ቀዳዳ ያላቸው ክብ ብረቶች)፣ መሐላቸው ኳሶች። በቃ ይኸው ነው።

ማታ ገልብጬ ገጠምኩት! ሮንዴላዎቹ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸዋ። ልጁ አንዷን ሻፍቱ ላይ እያንቀሳቀሰ "አጎቴ፣ ይቺኛዋ ትላወሳለች እኮ" አለኝ። ለካሁት፤ ወላሂ እውነቱን ነው፣ ቀዳዳዋ በጥቂቱ ይሰፋል። ጠባቧ ሻፍቱን ይዛ ትዞራለች፤ ሰፊዋ የማይዞረው አካል ላይ ትቀመጣለች። የሁለቱም ቦይ (ኳሶቹ የሚንከባለሉበት ጎድጓዳ) ወደ ኳሶቹ ይዞራል። ግራሶ ቀብተን መልሰን ገጠምን። ሻፍቱ ላይ የወረቀት ውፍረት የምታህል ክፍተትም ተውኩ፤ ካጠበቁት ራሱ ኩሽኔታው ይሞቃል።

ዛሬ ፉጨቱ ጠፋ። ጀልባዋ ግን መሐል ላይ ባትሪ ጨረሰች። በታንኳ የሚያልፍ ዓሣ አጥማጅ ጎትቶ አመጣልን፤ እየሳቀብን።