ድርቆሹን ያልነካው ፈረስ

ዱባይ ፈረስ ቤት ተቀጥሮ የሠራ ሰው ዱባይ ሚሌኒየም የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። እኔ የሰማሁት ከአለቃችን ነው። ሱዳናዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከፈረስ ጋር ያሳለፉ ሰው። ሁላችንም «አሚ» እያልን ነው የምንጠራቸው፣ አጎቴ እንደማለት። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አካፋና ብሩሽ ከማስረከባቸው በፊት አስቀምጠው የዚህን ፈረስ ታሪክ ይነግሩታል። ለምን እንደሚነግሩን የገባኝ አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው። ግን ታሪኩ ይቅደም። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፈረሱ የተወለደው በ1996 ነው። መጀመሪያ ስሙ ያዘር ነበር። ባለቤቱ ሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ ችሎታውን ሲያዩ ስሙን ቀየሩት። የ2000ውን የዱባይ ዓለም ዋንጫ ያሸንፋል ብለው አምነው ነበር፤ አዲሱ ስምም ለዚያ ቀን የወጣ ነው። በ1999 እንግሊዝ አገር ኤፕሰም ደርቢ ላይ ተወዳድሮ ዘጠነኛ ወጣ። የተሸነፈው ያን ቀን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ዶቪል ላይ አሸነፈ፣ እንግሊዝ አስኮት ላይም ደገመ።

መጋቢት 2000 ላይ በዓለም ዋንጫው ቀን፣ ዱባይ ናድ አል ሺባ ሜዳ ላይ የተሠራውን አሚ በዓይናቸው አይተውታል። ፍራንኪ ዴቶሪ ነበር ጋላቢው። ፈረሱ ገና ከመነሻው ፊት ወጣ፣ ማንም አልደረሰበትም። በስድስት የፈረስ ርዝመት ርቀት አሸነፈ። 2,000 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ59.5 ሰከንድ ጨረሰው፤ የሜዳው ክብረ ወሰን ሆነ። አሚ ይህን ሲያወሩ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ።

ሰኔ ላይ ዴቶሪ ከአውሮፕላን አደጋ ተርፎ ሕክምና ላይ ስለነበር አሜሪካዊው ጄሪ ቤይሊ ጋለበው። አስኮት ላይ በስምንት የፈረስ ርዝመት አሸነፈ። ነሐሴ ላይ ግን ልምምድ ላይ እያለ እግሩ ተሰበረ፣ ሩጫውም አበቃ። አሥር ጊዜ ሮጦ ዘጠኙን አሸንፏል።

ከዚያ እንግሊዝ ኒውማርኬት ወደሚገኘው ዳልሃም ሆል ለእርባታ ገባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ቶሮብሬድ በሚባለው በዚህ የእሽቅድምድም ፈረስ ዝርያ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ክልክል ነው። ድንጉላው ራሱ ከባዝራዋ ጋር መገናኘት አለበት፤ ዘሩን አቀዝቅዞ ማቆየት አይቻልም። ድንጉላው ከሞተ በቃ፣ ሌላ ልጅ የለም። ዱባይ ሚሌኒየም ገና የመጀመሪያ የእርባታ ወቅቱን ሳይጨርስ፣ ሚያዝያ 2001 ላይ «የሣር በሽታ» የሚባለው ያዘው። ግጦሽ ላይ የሚውሉ ፈረሶችን የሚይዝ ነው። የአንጀትን ነርቭ ይገድላል፣ ሆድ መሥራቱን ያቆማል። መነሻው ዛሬም በእርግጠኝነት አልታወቀም። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ አልዳነም። የተወለዱለት ልጆች 56 ብቻ ናቸው።

«ለዚያ በሽታ መድኃኒት የለውም» ይሉናል አሚ። «እዚህ ዱባይ ያለው የአሸዋ ሕመም ግን ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። ስለዚህ ልጆቼ፣ ከእግሩ በፊት ሆዱን እዩ።»

እንግዲህ ያቺ ሌሊት። ከምጠብቃቸው ፈረሶች አንዱ የሦስት ዓመት ዳማ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ውድድር ነበረው። ጋጣው በር ላይ ስደርስ ድርቆሹ እንዳለ ነው። ይህ ፈረስ ድርቆሽ አያስተርፍም፤ መኖ ይዤ ስመጣ በሩን በእግሩ የሚደበድብ ነው። አልተንከባለለም፣ አላላበውም። ዝም ብሎ ቆሟል። አልፎ አልፎ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ያያል። የጣለው ፋንድያም ከወትሮው በጣም ያነሰ ነበር።

ለፈረቃው ኃላፊ ደወልኩ። «ሙቀቱ ነው፣ ተወው። ሐኪም ከመጣ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ መድኃኒት ከተሰጠው ውድድሩ ቀረ» አለኝ። ልክ ነው፤ የሕመም ማስታገሻ የወሰደ ፈረስ ምርመራ ላይ ይያዛል። ባለቤቱም ለዚያ ቀን እንግዶች ጠርቶ ነበር። የኃላፊው ፍርሃት ይገባኛል። ግን ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ሆዱ ውስጥ የገባው ካልወረደ መውጫ የለውም፤ እየነፋ ሄዶ ሆዱ ሊፈነዳ ይችላል። እስኪነጋ መጠበቅ አልቻልኩም። አሚ ጋ ደወልኩ።

«ድርቆሹን ነካው?» አሉኝ። አልነካም አልኳቸው። «ሐኪሙን ጥራ። እኔም መጣሁ።»

ሐኪሟ መጣች። ድዱን አየች፣ የልብ ምቱን ቆጠረች፣ ጎኑ ላይ ጆሮዋን ደቅና ቆየች። አንጀቱ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል አለች። ከፋንድያው ትንሽ ወስዳ የእጅ ጓንት ውስጥ ውሃ ጨምራ በጠበጠችው፣ ከዚያ ሰቀለችው። ጣቶቹ ውስጥ አሸዋ ዘቀጠ። ከመሬት ላይ ሲለቃቅም የዋጠው ነው። የሕመም ማስታገሻ ወጋችው። በአፍንጫው ቱቦ ወደ ሆዱ አስገብታ አሸዋውን ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት ሰጠችው። እኔና አሚ እየተፈራረቅን ስናንሸራሽረው ነጋ። ጠዋት ላይ ፋንድያ ጣለ። በሕይወቴ ፋንድያ አይቼ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ውድድሩ ቀረ። ኃላፊው ትእዛዝ ጥሷል ብሎ ከሰሰኝ፤ አሠልጣኙ ሁላችንንም ሰበሰበን። አሚ ስለ እኔ አንድም ቃል አልተናገሩም። ስለ ዱባዊ ነው ያወሩት።

ዱባዊ ከእነዚያ 56 ልጆች አንዱ ነው፣ በ2002 የተወለደ። በ2005 የአየርላንድን «2,000 ጊኒስ» ውድድር አሸነፈ፣ አባቱ ያሸነፈበትን የዶቪል ውድድርም ደገመው። ለእርባታ ሲገባ ዋጋው ለአንድ ባዝራ 25,000 ፓውንድ ነበር። በኋላ ገበያው ቀዘቀዘበትና ወደ 15,000 ወረደ። ከዚያ ልጆቹ መሮጥ ጀመሩ። ማክፊ በ2010 የእንግሊዝን 2,000 ጊኒስ ወሰደ። ሞንቴሮሶ በ2012፣ አያቱ በነገሠበት የዱባይ ዓለም ዋንጫ አሸነፈ። ናይት ኦፍ ተንደር፣ ፖስትፖንድ፣ ጋያት ተከተሉ። በ2023 የዱባዊ ዋጋ 350,000 ፓውንድ ደርሶ ነበር። ያን ሁሉ ዘር ያተረፈው ዱባይ ሚሌኒየም ከመታመሙ በፊት የነበሩት ጥቂት ሳምንታት ናቸው።

«የኛው ዳማ የናይት ኦፍ ተንደር ልጅ ነው» አሉ አሚ። «የዱባዊ የልጅ ልጅ። ለአንድ ውድድር ብለን ነበር የምናጣው።»

አሠልጣኙ ብዙ አላወራም። በዚያው ሳምንት ግን ሁለት ነገር ተቀየረ። መኖው ከመሬት ተነስቶ የጎማ ምንጣፍ ላይ ባለ ገንዳ ውስጥ መቅረብ ጀመረ። የሌሊት ተረኛም የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሐኪም መጥራት ተፈቀደለት። ዳማው አገግሞ የውድድር ወቅቱ ሳያልቅ ዱባይ ሜይዳን ሜዳ ላይ ሮጠ፣ ሁለተኛ ወጣ። የፈረቃው ኃላፊም ዛሬ ከሁላችን ቀድሞ ለሐኪም የሚደውል ሰው ሆኗል፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

አሁን አዲስ ልጅ ሲመጣ አሚ ታሪኩን ይነግሩታል፣ እኔ ደግሞ የሌሊት መዝገቡን አስረክበዋለሁ። ለእያንዳንዱ ፈረስ አራት ዓምድ አለው፦ ድርቆሽ፣ ውሃ፣ ፋንድያ፣ አቋም። የሐኪሟ ስልክ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ተጽፏል።