ደብተሩን አይጣሉት

አዲሱ አፕ ከወጣ ወዲህ ስልኬ እረፍት አጥቷል። እኛ ቢሮ ኮድ የሚጽፉት ሌሎች ናቸው። የኔ ሥራ ደንበኛ ሲደውል ማንሳት፣ በቴሌግራም የሚላከውን ድምፅና ስክሪንሾት ማየት፣ ከዚያ ችግሩን ዴቨሎፐሮቹ በሚገባቸው መንገድ ማስረዳት ነው። አፑ የሱቅ ነው። ሽያጭ ይመዘግባል፣ ዕቃ ይቆጥራል፣ ዱቤ ይይዛል። ይህን የምጽፈው በዱቤው ምክንያት ነው።

መርካቶ ሱቅ ያላቸው አንድ ጋሼ ደወሉ። «የኔ ልጅ፣ የፀሐይ ዕዳ ጠፋ» አሉኝ። ስክሪንሾት ይላኩልኝ ብላቸው ልጃቸው ስልኩን በሌላ ስልክ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሳየው ወዲያው ገባኝ። ጋሼ ደንበኛቸውን ሲመዘግቧት በ«ፀ» ጽፈዋታል። ሱቅ የሚያግዛቸው ልጅ ደግሞ በ«ጸ» ፈለጋት። አፑ «አልተገኘም» አለው። እሱም አዲስ ዱቤ ከፈተላት። አንዲት ሴት ሁለት ቦታ ዕዳ ተጻፈባት፤ ልትከፍል ስትመጣ ግን ግማሹ ብቻ ታየ።

ለዴቨሎፐሩ ስነግረው «አፑ አልተዘጋ፣ ዳታ አልጠፋ፣ ቀላል ናት» ብሎ ከዝርዝሩ ግርጌ አስቀመጣት። በነሱ ሚዛን ትክክል ነው። ባለሱቅ ግን አፑ ድንገት ሲዘጋበት «ኔትወርክ ነው» ብሎ መልሶ ይከፍተዋል። እንቅልፍ የሚያጣው ሂሳቡ ሲጎድልበት ነው። ተከራክሬ ወደ ላይ አስወጣኋት። ጥገናው ራሱ ከባድ አልነበረም። አፑ ሲፈልግ ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። ስሙ ግን እንደተጻፈ ይቀመጣል።

እስከዚያ ጋሼን ምን ልበላቸው? ከአለቃዬ ጋር የተጋጨነው እዚህ ላይ ነው። «እስኪስተካከል ዱቤውን ደብተርዎ ላይም ይጻፉት» አልኳቸው። አለቃዬ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። የሽያጭ ልጆቻችን ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ «ከደብተር ተገላገሉ» እያሉ ነው አፑን የሸጡት። (ይህን አባባል ማን እንዳወጣው ባውቅ ስልኬን ለሱ ነበር የማስረክበው።) «እነሱ ደብተር ያስጥላሉ፣ አንቺ መልሰሽ ታስይዣለሽ» አለኝ።

አፕልን ጠቀስኩለት። እ.ኤ.አ. በ2012 የራሱን ካርታ ሲያወጣ ካርታው ስህተት በስህተት ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ በደብዳቤ ይቅርታ ጠየቀ። ካርታው እስኪሻሻል ድረስም ደንበኞቹ የተፎካካሪዎቹን፣ የጉግልን ጭምር፣ መጠቀም እንደሚችሉ ስም እየጠራ ጻፈላቸው። አለቃዬ «እኛ አፕል አይደለንም» አለኝ። እንደኔ እንደኔ እንዲያውም ለዚህ ነው መናገር ያለብን። አፕልን የተቀየመ ሰው ስልኩን አይጥልም። እኛን የተቀየመ ባለሱቅ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ መርካቶ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት ማለት መደዳውን ያለው ሁሉ ነው።

«አፑ ገና ሙከራ ላይ ነው» ማለትንም ሞክሬዋለሁ። ጉግል ጂሜይልን እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 «ቤታ» እያለ ስንት ሰው ሲጠቀምበት ኖሯል። ጋሼ ግን «ታዲያ በኔ ብር ነው የምትሞክሩት?» አሉኝ። ምን ይባላል? ጂሜይል በነፃ ነበር፤ እሳቸው ከፍለዋል።

ጥገናው ወጣ፤ ግን ሁሉም ጋ አልደረሰም። ብዙ ባለሱቅ ፓኬጁ እንዳያልቅበት አፕዴት አያደርግም። አንዳንዱ አፑን ያገኘው ጎረቤቱ በቴሌግራም ልኮለት ነው፤ ፕሌይ ስቶር ገብቶም አያውቅ። ስለዚህ አሁን «ተስተካክሏል» ከማለቴ በፊት «ሴቲንግ ውስጥ ይግቡና ከታች ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ» እላለሁ። አሮጌው ቨርዥን ከሆነ ያው ደብተሩ ይቀጥላል።

ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ሳሪስ ሱቅ ያላቸው እትዬ ደወሉ። ተቆጥተዋል። «ፀሐዮቼን ለምን ቀላቀላችሁብኝ?» ለካ ፀሐይ የሚባሉ ሁለት ደንበኞች አሏቸው። አንዷ እንጀራ ሻጭ ናት፣ ሌላዋ ግቢያቸው የተከራየች። እንዳይምታቱባቸው አንዷን በ«ፀ»፣ ሌላዋን በ«ጸ» ሆን ብለው ነው የመዘገቧቸው። አሁን አንዷን ሲፈልጉ ሁለቱም ይመጣሉ። ጥገናችን እንደታሰበው እየሠራ ነው፤ የሳቸው ዘዴ ግን ፈረሰ። የአባት ስም ይጨምሩ አልኳቸው። «የተከራይ አባት ስም ማን ያስታውሳል?» አሉኝ። ብዙ ተነጋግረን «ፀሐይ እንጀራ» እና «ፀሐይ ተከራይ» ብለን ጻፍን።

ነገ ዴቨሎፐሩ ከስሙ ሥር አጭር መለያ የሚጻፍበት ቦታ እንዲጨምር እጠይቀዋለሁ። «ይሄ ባግ (የአፕ ስህተት) አይደለም፣ አዲስ ጥያቄ ነው» እንደሚለኝ ካሁኑ አውቀዋለሁ።