የማዕዘን ሆርን ስፒከር በቤት ውስጥ መሥራት፦ ከግድግዳው ጀምሩ

የማዕዘን ሆርን ስፒከር ሥራ የሚጀመረው በኮምፔንሳቶ ሳይሆን በግድግዳ ነው። ሳጥኑ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቆረጥ፣ የሚገባበት ማዕዘን ጠማማ ከሆነ ወይም ግድግዳው ስስ ከሆነ ባሱ አይመጣም። ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ የሆርኑ የመጨረሻ ክፍል ናቸውና፣ እነርሱን ያልቆጠረ ሰው ግማሽ ስፒከር ነው የሠራው።

ሆርን ከጠባብ ጉሮሮ ተነሥቶ ወደ ሰፊ አፍ ቀስ በቀስ የሚከፈት የአየር መተላለፊያ ነው፤ ጥሩምባ ያየ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። ሥራው የዉፈሩን (ባስ የሚያወጣውን ድራይቨር) ወረቀት፣ ማለትም የሚንቀጠቀጠውን ሾጣጣ ገጽ፣ ከክፍሉ አየር ጋር ማስማማት ነው። በተራ ሳጥን ውስጥ ያለ ዉፈር ከሚቀበለው ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በደንብ የተሠራ የባስ ሆርን ይህን ብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ከ100 ዴሲቤል በላይ ይገኛል፤ ለመኖሪያ ክፍል 10 ዋት አምፕሊፋየር ይተርፋል። ከሁሉ በላይ ግን ለተመሳሳይ የድምፅ መጠን ወረቀቱ የሚንቀሳቀሰው በጥቂቱ ስለሆነ የድምፁ መዛባት ይቀንሳል። ለዚህ ድካም የሚያበቃው ይህ ጥራት ነው፤ ጩኸት ብቻ የሚፈልግ ሰው ቀላል መንገድ አለው።

አስቸጋሪው መጠኑ ነው። የምንፈልገው ዝቅተኛ ድምፅ 40 ኸርዝ ይሁን። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ የሞገዱ ርዝመት 8.6 ሜትር ገደማ ነው። ክፍት ቦታ ላይ ብቻውን የተንጠለጠለ ሆርን የአፉ ዙሪያ ይህን ያህል መሆን አለበት፤ ስፋቱ 5.85 ካሬ ሜትር ይመጣል። ይህን ቤት ውስጥ የሚያስገባ የለም። ወለል ላይ ሲቀመጥ ግን ግማሹ ይበቃል፤ ወለልና አንድ ግድግዳ ሲያገኝ ሩቡ፤ ወለልና ሁለት ግድግዳ ሲያገኝ አንድ ስምንተኛው፣ ማለትም 0.73 ካሬ ሜትር። ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ አርካንሳ ውስጥ ሆፕ በምትባል ከተማ ባቋቋመው ድርጅት ያመረተው ክሊፕሾርን የተባለ የማዕዘን ሆርን ስፒከር የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው።

ርዝመቱም ከዚሁ ይወጣል። ለ40 ኸርዝ መተላለፊያው በየ47 ሴንቲሜትሩ ስፋቱን እጥፍ ማድረግ አለበት። ጉሮሮው 500 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ 47 ሴንቲሜትር ላይ 1000፣ 95 ላይ 2000፣ 142 ላይ 4000 ይሆናል፤ 183 ሴንቲሜትር ላይ ሲደርስ 7300 ሆኖ አፉ ይሞላል። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ለጥፉ። ቀጥ ባሉ ጣውላዎች የሚሠራ ሆርን ኩርባውን በትክክል ሊከተል አይችልም፤ በእነዚህ ነጥቦች ላይ ስፋቱ ከተባለው ብዙ እስካልራቀ ድረስ ግን ይሠራል።

ዉፈሩ 15 ኢንች ቢሆን ይመረጣል። የወረቀቱ ስፋት 850 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ 500 ወደሆነው ጉሮሮ ሲገባ አየሩ 1.7 ጊዜ ይጨመቃል፤ ይህ ለወረቀቱ ጤናማ ነው። ጉሮሮውን 15 በ33 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ አድርጋችሁ ቁረጡት። ጠንካራ ማግኔት ያለው ምረጡ። መረጃ ወረቀቱ ላይ ኤፍ ኤስ (Fs፣ ዉፈሩ በራሱ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ) የሚለውን በሁለት አባዙና ለኪው ቲ ኤስ (Qts፣ እርግብግቡ ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ ቁጥር) አካፍሉ፤ ውጤቱ ድምፁ ከላይ መውረድ የሚጀምርበትን ፍሪኩዌንሲ በግምት ይነግራችኋል። ኤፍ ኤስ 35፣ ኪው ቲ ኤስ 0.2 ከሆነ 350 ኸርዝ ነው፤ ለዚህ ሥራ በጣም ጥሩ። ኪው ቲ ኤስ 0.5 ከሆነ 140 ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ዉፈር ለተራ ሳጥን አስቀምጡት።

ከዉፈሩ ጀርባ ያለው ክፍል ሙሉ በሙሉ የታሸገ መሆን አለበት፤ መጠኑም በዘፈቀደ አይወሰንም። የጉሮሮው ስፋት ሲባዛ እጥፍ የሚሆንበት ርቀት ሲባዛ 2.9 ነው፦ 0.05 በ0.473 በ2.9፣ 68 ሊትር ገደማ። ይህ ልክ የታሸገውን አየር ሞላነት፣ ማለትም ተጨምቆ የመመለስ ጠባዩን፣ ከሆርኑ የአየር ክብደት ጋር ያመጣጥነዋል፤ ወደ 40 ኸርዝ ስትጠጉ ባሱ እንዳይሰንፍ የሚያደርገው እርሱ ነው። የዉፈሩ የራሱ ሞላነት የሥራውን ከፊል ስለሚወስድ ሳጥኑ ትንሽ ይሰፋል፤ ቪ ኤ ኤስ (Vas፣ የዉፈሩን ሞላነት በአየር መጠን የሚገልጸው ቁጥር) 300 ሊትር ከሆነ ትክክለኛው 88 ሊትር ነው።

ብዙዎች የሚረሱት ከወረቀቱ ፊት፣ ከጉሮሮው በፊት ያለውን ባዶ ቦታ ነው። 4 ሊትር ከሆነ ከ680 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ ይቆርጠዋል፤ ይህ አይጎዳም። 8 ሊትር ከሆነ ግን 340 ላይ ይቆርጣል፤ ያን ጊዜ የወንድ ድምፅ ይደፈናል፤ ሰሪውም ጥፋቱን ክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለየድራይቨሩ የሚያከፋፍለው ሰርኪውት) ላይ ሲፈልግ ይከርማል። ስለዚህ ዉፈሩን ቀዳዳው ካለበት ጣውላ ጋር አስጠግታችሁ እሰሩ፤ ጠርዙ በወረቀቱ እንቅስቃሴ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ አጣጠፉ። 183 ሴንቲሜትር ቀጥ ብሎ ክፍሉ ውስጥ ሊዘረጋ ስለማይችል ይታጠፋል። በተለመደው አሠራር አየሩ ከጉሮሮው ወጥቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይከፈላል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ወደ ማዕዘኑ ይሄዳል፤ እዚያ ለግራና ለቀኝ ተከፍሎ በሳጥኑ ጎንና በግድግዳው መካከል ይወጣል። 1.1 ሜትር ቁመት ላለው ሳጥን በእያንዳንዱ ጎን የመጨረሻው ክፍተት 33 ሴንቲሜትር ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 0.73 ካሬ ሜትር ይሞላሉ። መንገዱ ለሁለት በተከፈለበት ሁሉ የሁለቱን ድምር መቁጠር እንዳትረሱ። እጥፋቶቹ ከፍ ያለውን ድምፅ ይበትኑታል፤ ከ400 ኸርዝ በላይ ከዚህ ሳጥን ምንም አትጠብቁ።

ኮምፔንሳቶው 18 ሚሊሜትር፣ ውስጡ ክፍተት የሌለበት ይሁን። ኤም ዲ ኤፍም ይሠራል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ጠርዙም ብሎን አይይዝም። ከመቁረጣችሁ በፊት መላውን ሳጥን በካርቶን ሥሩት። ይህ የሁለት ቀን ሥራ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ የዘወርዋራ ቁርጦቹን አንግል በጭንቅላት መያዝ ስለማይቻል፣ ስህተቱ ካርቶን ላይ መውጣቱ ይሻላል። ሲገጠም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፦ መጀመሪያ ዉፈሩ የሚታሰርበት ጣውላ፣ ቀጥሎ የኋላው ክፍል፣ ከዚያ ከፋዮቹ፣ በመጨረሻ ጎኖቹ። በየመገናኛው ኮላ በብዛት ተጠቀሙ፤ ብሎን በየ10 እስከ 15 ሴንቲሜትሩ። ዉፈሩ የሚወጣበትን በር ከወዲሁ አስቡበት። በጎማ ማሸጊያ ላይ በብሎን የሚዘጋ፣ ዉፈሩ ከነማግኔቱ የሚያልፍበት መሆን አለበት፤ ይህን የረሳ ሰው ዉፈሩ የተቃጠለ ቀን በመጋዝ ይከፍተዋል። ጉሮሮው አካባቢ ያሉት ጣውላዎች ግፊቱን የሚሸከሙ ስለሆኑ እዚያ ተጨማሪ ድጋፍ አስገቡ።

የኋላውን ክፍል አየር መያዝ ለመፈተን ወረቀቱን በሁለት እጅ፣ በእኩል ጫና፣ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉትና ልቀቁት። በዝግታ ከተመለሰ ደህና ነው። ወዲያው ካፈተለከ አየር ያፈስሳል። ቦታውን ለማግኘት 40 ኸርዝ ድምፅ ልቀቁና በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ጫፍ መገናኛዎቹን እየተከተላችሁ አዳምጡ፤ ፉጨቱ ራሱ ይናገራል።

ግድግዳው ላይ እንመለስ። ከማዕዘኑ ጀምሮ በአንዱ ግድግዳ 90፣ በሌላው 120 ሴንቲሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ፤ በምልክቶቹ መካከል 150 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። በወለሉ ብቻ ሳይሆን በ1 ሜትር ከፍታም ድገሙት። ዞኮሎ ካለ ሳጥኑን በልኩ ማስገባት ወይም ዞኮሎውን ማንሣት ነው። በሳጥኑ የኋላ ጠርዝና በግድግዳው መካከል 5 ሚሊሜትር ክፍተት ቢቀር፣ በ1.1 ሜትር ቁመት 55 ካሬ ሴንቲሜትር ቀዳዳ ማለት ነው፤ የጉሮሮውን ከአንድ አሥረኛ በላይ። በዚያ በኩል አየሩ መንገዱን ሳይጨርስ ስለሚወጣ የሚጎዳው የታችኛው ባስ ነው። በጠርዙ ላይ ርዝመቱን ሙሉ ለስላሳ ስፖንጅ ለጥፉና ሳጥኑን አጥብቃችሁ ግፉት። ግድግዳው ስስ የጂፕሰም ሰሌዳ ከሆነ ከሳጥኑ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ባሱንም ይበላዋል። ያን ጊዜ መፍትሔው ከወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ ድጋፍ ያለው የራሳችሁን ማዕዘን መሥራት ነው፤ እያንዳንዱ ክንፍ 1.2 ሜትር ገደማ ይሁን።

ከ400 ኸርዝ በላይ ላለው ድምፅ ሌላ፣ መካከለኛ ሆርን ያስፈልጋል፤ እርሱንና ድራይቨሩን ግዙት ባይ ነኝ። መቁረጫው (ከዚያ በታች የማይሠራበት ፍሪኩዌንሲ) ከ260 ኸርዝ ያልበለጠ፣ የአፉ ዙሪያ 1.3 ሜትር ገደማ የሆነ ይሁን። ከ6000 ኸርዝ በላይ ትዊተር፣ ማለትም የቀጭን ድምፅ ድራይቨር፣ ይረከባል። ቀላሉ ክሮስኦቨር ለ8 ኦም 3.2 ሚሊሄንሪ ኢንዳክተር ለዉፈሩ፣ 50 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ለመካከለኛው፣ 3.3 ማይክሮፋራድ ለትዊተሩ ነው። የኢንዳክተሩ ሽቦ ወፍራም ይሁን፤ ተቃውሞው ከ0.3 ኦም እንዳይበልጥ። የመካከለኛው ድራይቨር ከባሱ ብዙ ጊዜ ስለሚጮህ ጥቂት ዴሲቤል ማውረጃ ይፈልጋል።

ዲጂታል ክሮስኦቨርና ለየራሱ አምፕሊፋየር ካላችሁ ግን ውጤቱ በእጅጉ ይሻላል። ባሱ 183 ሴንቲሜትር ተጉዞ ነው የሚወጣው። የመካከለኛው ሆርን ርዝመት 50 ሴንቲሜትር ከሆነ የ133 ሴንቲሜትር ልዩነት አለ፤ መካከለኛውን በ3.9 ሚሊሰከንድ ብታዘገዩት ከበሮው አንድ ላይ ይመታል። አምፕሊፋየሩ ሲበራ የሚሰማው ምት ድራይቨሩን እንዳይገድለው 200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በመስመሩ ላይ ተዉ። ከ30 ኸርዝ በታች ያለውንም ቁረጡ፤ እዚያ ሆርኑ ወረቀቱን መያዝ አይችልም፤ በተለይ ሸክላ የምታጫውቱ ከሆነ ያለ ሥራ ሲወዛወዝ ታዩታላችሁ።

የመቀመጫው ቦታ በስፒከሮቹ ይወሰናል፤ ሁለቱም በ45 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያያሉ። በ5 ሜትር ስፋት ክፍል መስመሮቻቸው የሚገናኙት ከፊት ግድግዳው 2.5 ሜትር ላይ ነው፤ ወንበሩን ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ አድርጉት። ማዕዘን የክፍሉን ሬዞናንስ (በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ የሚጠነክር ድምፅ) ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ከፊት እስከ ኋላ 5 ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው 34 ኸርዝ ላይ ነው፤ በክፍሉ መካከል የተቀመጠ ሰው አይሰማውም። ባስ የለም ብላችሁ ሳጥኑን ከመፍታታችሁ በፊት ወንበሩን ግማሽ ሜትር አንቀሳቅሱት።