ጦቢያው ላይ የወጣው «ተምች»

ክረምት ሊገባ ሲል የግብርና ባለሙያ ስልክ ዕረፍት የለውም። የዚያን ዕለትም ኃላፊያችን በጠዋት ደወሉ። «ከደጀን በታች ቆላው ላይ ተምች ወጥቷል ተብሏል። ያ የአሜሪካው ነው። ኬሚካሉን ይዛችሁ ቶሎ ውረዱ!»

የአሜሪካው የሚሉት በ2009 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ በቆሎ የፈጀውን ነው። ስሙ ሲነሳ ገበሬው ብቻ ሳይሆን እኛም እንደነግጣለን።

ከአንድ ወጣት ባልደረባዬ ጋር ወረድን። የዓባይ በረሃ ሙቀት መቼም አይጣል ነው። ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። ትሉ ግን ማሳ ውስጥ የለም፤ መንገድ ዳር የበቀለ ጦቢያው የሚባል ወተታም ተክል ላይ ነው ያለው። ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ዝንጉርጉር ነው። ጀርባው ላይ ቀንድ የሚመስል ጥቁር ነገር ቆሟል። ቅጠሉን ከዳር ከዳር ይከረክማል፤ በተበላው በኩል ነጭ ወተት ይንጠባጠባል።

ባልደረባዬ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አመሳከረ። «ይሄማ ተምች አይደለም። ሞናርክ የሚባለው የአሜሪካ ቢራቢሮ ነው!»

አንዱ ከኋላ «ያው ከአሜሪካ ነዋ!» ብሎ ሰዉን አሳቀ።

«እስኪ ቀንዱን ቁጠር» አልኩት። የሞናርክ ትል ሁለት ጥንድ ነው ያለው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ይሄኛው መሃል ላይ ሌላ ጨምሮ ሦስት ጥንድ አለው። የአፍሪካው ዘመዱ ነው። ሁለቱም ወተታም ተክል ይበላሉ። የተክሉ መርዝ ሰውነታቸው ውስጥ ስለሚጠራቀም ወፎች ብዙም አይደፍሯቸውም።

የቀበሌው ሊቀመንበር አልተዋጠላቸውም። «ዛሬ ጦቢያው ላይ ነው፤ ነገ ማሽላችን ላይ ቢዘምትስ?»

ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ሞናርክ ክንፍ ሲያወጣ ከካናዳ ተነስቶ እስከ ሜክሲኮ ተራሮች ይበራል፤ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። በበጋቸው የሚፈለፈሉት ጥቂት ሳምንታት ኖረው ያልፋሉ። ስደተኛው ትውልድ ግን 8 ወር ገደማ ይቆያል፤ ብርዱን እዚያ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተከማችቶ ያሳልፋል። ይህን ሁሉ አገር የሚያቋርጠው ፍጡር ትል ሳለ ከወተታም ተክሉ ንቅንቅ አይልም። የኛውም እንደዚያው ነው። ማሽላ ላይ ብታስቀምጡት በረሃብ ይሞታል።

ይህን ሳስረዳ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ምን አደከመህ? እኔ ከብት ስጠብቅ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከጦቢያው ወርዶ አያውቅም» አሉኝ።

«ታዲያ አባቴ፣ ቀድመው ቢነግሩንስ?»

«ማን ጠየቀኝ!»

ከዚያ ወዲህ ተምች ወጣ ተብሎ ሲደወል «ምን ሲበላ አያችሁት?» ሳንል ከቢሮ አንወጣም።

ለነገሩ እግረ መንገዳችንን በቆሎውን ስንፈትሽ እውነተኛውም ተምች ተገኘ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ፊደል ዋይ (Y)፣ ጭራው አካባቢ አራት ነጥብ። ሰው ሁሉ ጦቢያውን ከቦ ሲከራከር እሱ የበቆሎውን እምብርት ይበላል። ማሳው ግማሽ ቃዳ የማይሞላ ትንሽ መሬት ስለሆነ መርጨት አላስፈለገም፤ በእጅ ለቀምነው። ሊቀመንበሩም እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡበት።