አምስት ቻናል ለአንድ መሲንቆ

ክርክሩ የተነሳው በአንቺ ሆዬ ቅኝት ነው። ለአንድ የመድረክ ትርኢት ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እየሠራን ነበር። አቀናባሪው ቢቱን በኮምፒውተር ጨርሶ፣ ቤዙንና ዜማውን በሲንተሳይዘር ዘርግቶ፣ የቀረን መሲንቆ ብቻ ሆነ። ዕድሜያቸው ጠና ያለ መሲንቆ መቺ ጠርተን ቀዳናቸው። ለብቻው ሲደመጥ አንጀት የሚበላ ነው። ከሲንተሳይዘሩ ጋር ሲገጥም ግን ሁለት ቦታ ላይ ይፋጫል።

አቀናባሪው ልጅ ቀልጣፋ ነው። ማንንም ሳያማክር የድምፅ ማረሚያ ፕለጊኑን ከፍቶ ሁለቱን ኖታዎች ሽቅብ ጎተታቸው። መፋጨቱ ቆመ። መልሶ ሲያሰማቸው ሰውየው ማዳመጫውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይሄን ማን ነው የመታው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ ጋሼ! ትንሽ ወርዶ ስለነበር አቃናሁት።»

«አልወረደም። ቦታው እዚያ ነው።»

እንዲህ ያለ ክርክር ስቱዲዮ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ማውሱን በያዘው ሰው አሸናፊነት ነው። እኔ ድምፅ ቀራጭ ነኝ፤ ቅንብር ውስጥ መግባት ሥራዬ አይደለም። ግን ጋሼን ያለ አጃቢ፣ ያለ ማዳመጫ ደግመው እንዲመቱልኝ ለመንኳቸው። ከቅኝት የወጣ ሰው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። እሳቸው በደገሙት ቁጥር እዚያው ነጥብ ላይ ያርፋሉ፤ ከኪቦርዱ 20 ሴንት ያህል ዝቅ ብለው። ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ (አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ያለውን ርቀት) 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ 100 ሴንት ነው። መሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው፤ እንደ ጊታር አንገት ቦታ የሚለይ ብረት የለውም። ጣት የሚቆመው ጆሮ ባዘዘው ላይ ነው።

«ቢሆንም ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሕጉ ይሄ ነው» አለ ልጁ፤ «ፈረንጅ የሠራው ነገር ነው፣ መስተካከል ያለብን እኛ ነን።»

እዚህ ላይ ከሥራው ትንሽ ወጣሁ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ በባቡር ድምፅ ሙዚቃ ያቀናበረው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ 4 ዓመት ቀድሞ፣ ሐሊም ኤል-ዳብ የሚባል ግብጻዊ ወጣት ካይሮ ውስጥ ሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ከሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀዳ። ዛር ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቀዳውን በማስተጋቢያ ክፍል እያሳለፈ፣ መሠረታዊውን ቶን እየቀነሰና ከላይ የሚያንዣብበውን ድምፅ እያስቀረ አዲስ ሥራ አወጣበት። መጀመሪያ የሰዎቹን ድምፅ ያዘ፤ ከዚያ መሣሪያውን ወደ ድምፁ አመጣ። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመውም እሱ ነው፤ ክራርን፣ መሲንቆን፣ በገናን፣ ዋሽንትን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ቡድን። ልጁ ስሙን ሰምቶት አያውቅም። አልፈረድኩበትም፤ ማን ነገረው?

ወደ ሥራው ተመለስን። የምንጠቀምበት ፕሮግራም አሮጌ ስለነበር ቅኝት አይቀይርም። በሚዲ (ኮምፒውተሩ ሲንተሳይዘሩን በሚያዝበት ቋንቋ) ደግሞ ድምፅን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማጠፊያ የሚያጥፈው አንድ ኖታ ሳይሆን ቻናሉን፣ ማለትም ኖታዎቹ የሚያልፉበትን መስመር፣ በሙሉ ነው። መፍትሔው የቅኝቱን አምስት ድምፆች በአምስት ቻናል መበተን ሆነ። አምስቱም ላይ ያንኑ የሲንተሳይዘር ድምፅ ጫንን። ሂሳቡን የሠራው ራሱ ልጁ ነው፤ ማጠፊያው ወደ ታች 8,192 እርከን አለው፣ ይህም 200 ሴንት ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ ሴንት 41 እርከን ገደማ፣ 20 ሴንት ደግሞ 820 ያህል ይሆናል። ሁለቱን ቻናሎች በዚያ ልክ ዝቅ አድርጎ የመሲንቆውን የመጀመሪያ ቀረጻ መለሰው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ዛሬ ይቀላል። ትውልደ ኢራቅ ሙዚቀኛ ኸያም አላሚ በ2021 ለዚሁ የሚሆኑ ነፃ የድረ-ገጽ መሣሪያዎች አውጥቷል፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ኤብልተን ላይቭ 12 በሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ቅኝቱን በቀጥታ መጫን ይቻላል።

ጋሼ ሰምተው ሲጨርሱ ስለ ኖታዎቹ አንድም ቃል አልተናገሩም። «ቤዙ በዛ» ብቻ አሉ። ቀነስነው።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ባህላዊ መሣሪያ ያለበት ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ ተጫዋቹን አስቀድቶ ነው ሲንተሳይዘሩን የሚነካው። ጊታርና ኪቦርድ ያለበት ዘፈን ሲሆን ግን ያለ ምንም ማመንታት ወደ 12ቱ ይመለሳል። ልክ ነው፤ የጊታሩን ብረት ማን ሊነቅል?